የመጀመሪያው ውሃ የቦይ ነው

ሰፈራችን ስም በማውጣት አይታማም። ሥራው ውሃ መክፈትና መዝጋት የሆነውን ሰው «ጋሽ ድፋው» ብሎ የጀመረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀረ። የገዛ ሚስቱ እንኳ ሲያናድዳት «አንተ ድፋው!» ትለዋለች። እኔ ለዚያው ለውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ አነባለሁ፤ ጎረቤታቸውም ነኝ። እሱን ሰው ሲሰድበው፣ እኔን ውሻ ሲያባርረኝ አብረን አርጅተናል። ስለዚህ የማወራው በሰው በሰው የሰማሁትን አይደለም።

ስሙን ያመጣበት ሥራው ነው። በከተማችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጋሽ ድፋው ቁመቱን የሚያክል ባለ እጀታ የብረት ቁልፍ ትከሻው ላይ አጋድሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዞራል፤ ለአንዱ ሰፈር ይዘጋል፣ ለሌላው ይከፍታል። የሌላው ሰፈር ቀላል ነው፤ አዙሮት ይሄዳል። የእኛ የታችኛው ሰፈር ተራ ሲደርስ ግን ወደ ቤቶች የሚያስገባውን ቫልቭ ሳይነካ፣ መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ማፍሰሻ ይከፍታል። ያ ሁላችን ደጅ ደጁን ስናይለት የከረምነው ውሃ እየተንዶሎዶለ ቦይ ይገባል። ሰው ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሞ ያያል፤ ጋሽ ድፋውም ቁልፉን ተደግፎ ቆሞ ያያል።

«የመጀመሪያው ውሃ የቦይ ነው» ይላል ሲሰድቡት።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ቦይ ውስጥ ገብቶ በጣሳ ሲያፍስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጋሽ ድፋውም ጣሳውን ከእጁ ቀምቶ ሲደፋበት አይቻለሁ። በዚያ ቀን ጋሽ ድፋውን ከጥፊ ያዳንኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሰፈር የውሃ ቧንቧ የተቀበረው አያቶቻችን ወጣት ሳሉ ነው። ኋላ የፍሳሽ መስመር የዘረጉት ሰዎች ሌላ መቆፈር ሰልችቷቸው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከውሃው ቧንቧ በላይ አጋደሙት። ሰው አያየው፤ አፈር ለብሷል። ዛሬ ሁለቱም አርጅተው ተበሳስተዋል። ቧንቧው ውሃ ሞልቶት ሲገፋ ወደ ውጭ ያነባል። ፈረቃው አልፎ ባዶ ሲሆን ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ከላዩ የሚንጠባጠበውን ወደ ውስጥ ይስባል። የሚንጠባጠበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ይህን የማያውቅ ኃላፊ የለም። የመሥሪያ ቤታችን መሐንዲስ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ። የከተማውን አሮጌ መስመሮች ሁሉ እየመረመረች ደረጃ ስታወጣ፣ ጎማ ያላት ትንሽ ካሜራ የእኛ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ሰደደች። እኔና ጋሽ ድፋው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ተጠጋግተን ምስሉን እናይ ነበር። የቱቦው ጎን ተበልቶ አፈሩ ይታያል፤ በአንዱ ቦታ ከሥሩ ያለው የውሃ ቧንቧ ራሱ ዝጎ ብቅ ብሏል። መሐንዲሷ ካርታዋ ላይ የእኛን መስመር ቀይ ቀባችው።

«ቀይ ምን ማለት ነው?» አላት ጋሽ ድፋው።

«ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀየር ማለት ነው።»

«እሺ፣ ዛሬ ነው ነገ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሆነው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። እሷ ትጽፋለች፣ ከላይ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትጽፋለች። ለእኛ አዲሱ ቧንቧ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በዚያ በተበላ መስመርና በእኛ ጉሮሮ መካከል የቀረው የጋሽ ድፋው አፍንጫ ብቻ ነበር።

አፍንጫው ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ማፍሰሻው ሲከፈት ውሃው መጀመሪያ ሻይ መስሎ ይወጣል። ቆይቶ ይጠራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ቀድሞ ይጠራል፣ ሽታው ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ጋሽ ድፋው በመዳፉ ይጨልፍና አፍንጫው ሥር ያደርገዋል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ገና ነው» ይላል። እንደገና ይጨልፋል። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ንጉሥ ቢመጣ ቁልፉን አያዞርም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ለልኬት የሚመጣው ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ ባሏን ይረግምላታል። «ባልሽ ዛሬም ደፋው አይደል? እጁን ይቁረጠውና!» ይላታል፤ እሷ መርፌ በአፏ ይዛ ልኬቷን ትቀጥላለች። ማታ ግን ለእኔ ታለቅሳለች፤ በሰው ፊት ዓይኗ አፈር እንደበላ ትነግረኛለች። አንድ ልጅ ብቻ ናት ያለቻቸው። ልጅቱ አግብታ ስትኖር የፀነሰችው ሁሉ እየጨነገፈባት ዓመታት አለፉ። በዚያ በጋ ግን ያዘላትና ሆዷ ገፋ። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት አይገኝም፤ እናቷ ዘንድ መጥታ ተኛች።

ጋሽ ድፋው ገና ላልተወለደው የልጅ ልጁ ያልሆነው ነገር የለም። ከፓምፕ ማሸጊያ ሳጥን የሕፃን አልጋ ሠራ። አንዱ እግር ስላጠረበት ካርቶን አጥፎ ከሥሩ ወሸቀበት። ጎኑ ላይ «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ማኅተም አለ፤ ሚስቱ ላጥፋው ብትለው አሻፈረኝ አለ። «የጻፈው ያውቃል» ብሎ አሳቀን።

በዚያው በጋ ሙቀት መሐል የግፊት ፓምፑ ተቃጠለ። ፈረቃ የሚባል ነገር ጠፋ። ሳምንት በሳምንት ላይ ሄደ። ሰው በጋሪ የሚመጣ ውሃ እየተሻማ ይጣላል፤ ልጅቱ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ በእርጥብ ጨርቅ ነበር የምትታበሰው። እኔ እንኳ ቆጣሪ ሳነብ የቆመ ቁጥር ነበር የማነበው። ጋሽ ድፋው መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ፤ ፓምፑንም እሱ ያቃጠለው ይመስል።

ፓምፑ ተጠግኖ ውሃ ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወጣ። አንዲት አሮጊት የማፍሰሻው ክዳን ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እማማ፣ ተነሡልኝ» አላቸው ጋሽ ድፋው።

«አልነሣም። ከፈለግህ እኔንም አብረህ ድፋኝ!»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። አባብሎ፣ ደግፎ አነሣቸውና ከፈተው። መስመሩ ለዚያን ያህል ጊዜ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። የወጣው ነገር ውሃ አይባልም። ሰው አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ እየቀጠነ፣ እየነጣ፣ ጠራ። ጩኸቱም ያን ጊዜ ተነሣ።

«ጠራ እኮ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ስለ ፈጠረህ!»

«ይሄ ሰውዬ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ የመጣችው ሚስቱ ነበረች። ከማፍሰሻው በብርጭቆ ቀዳችና ወደ ፀሐይ አነሣችው። «ይኸው፣ እንባ የመሰለ ውሃ! ምን ቀረህ?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት።

«ሁልጊዜ ትንሽ ነው የሚቀርህ! አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እቤት ምላሷ ደርቆ ተኝታለች። እኔ ስምህን ተሸክሜ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ አቃተኝ። ለእኔ ስትል፣ ዛሬን ብቻ!» አለችና ሰው ሁሉ እያየ አለቀሰች። ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት ሲጠጋቸው በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። በመዳፉ ጨለፈ። እጁን ወደ አፍንጫው አነሣ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሚስቱን አያት። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገውና «ይሁን» አለ። ወደ ቤቶች የሚያስገባውን ቫልቭ ከፈተ።

እልልታው! ወጣቶቹ ከነቁልፉ ትከሻቸው ላይ አወጡት። አሮጊቷ ግንባሩን ሳሙት፤ «ክፉ አይንካህ፣ ልጅህን በሰላም ያገላግልልህ» ብለው መረቁት። ያን ሁሉ ዘመን ሲረገም የኖረ ሰው በአንድ ከሰዓት የምርቃት ናዳ ወረደበት። ፊቱን ሳየው ግን ደስታ የለበትም። «አውርዱኝ፣ እቤት ጉዳይ አለኝ» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሲያወርዱት ቁልፉን እዚያው ጥሎ ሮጠ። ተከትዬው ስደርስ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቱ ፀጉሯን ታጥባ፣ ጎኗን ይዛ ቧንቧው ጋ ቆማለች፤ በእጇ ብርጭቆ አለ፤ ግማሹ ጎድሏል።

«አባዬ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ መረቀህ አሉ» አለችው እየሳቀች።

ብርጭቆውን ተቀብሏት አሸተተው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ምን ሆነሃል?» ብትለው «ደክሞኝ ነው» አላት። እናቷ ለሷ የሚሆነውን ሁልጊዜ አፍልታ ነበር የምትሰጣት። በዚያ ቀን ግን አባቷ የለቀቀው ውሃ ነው፤ ማን ያፈላል?

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ተኛ። የጤና ጣቢያው ኮሪደር በፍራሽ ተሞላ፤ መርገጫ ጠፋ። ሁሉም የእኛ ሰፈር ሰው ነው። ጋሽ ድፋው ልጁን ተሸክሞ በመካከላቸው ሲያልፍ፣ የተኙት እየተነሡ «ጋሼ፣ እግዜር ይማርልህ፤ ያን ቀን ውሃ ያጠጣኸን አንተ አይደለህ?» ይሉታል። ስድብ የለመደ ሰው ነው፤ ይህን ግን መሸከም አቃተው። ግድግዳ ይዞ ሲያቃስት አየሁት።

ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ልጅቱ ተረፈች። የተሸከመችው ግን አልተረፈም፤ ወንድ ነበር።

ሰው ለማጽናናት ቤታቸው ሲሰበሰብ፣ ጋሽ ድፋው ከተቀመጠበት ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ውሃው አልጠራም ነበር። አላሸተትኩትም። ባሸተው ኖሮ እንደማልለቀው ስለማውቅ ነው ያላሸተትኩት። የታመማችሁት በእኔ ነው።»

ድንጋይ ቢወረውሩበት ይሻለው ነበር። «ኧረ ተው ጋሼ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ» አሉት። «እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደ።» «ውሃማ ምን አደረገ? ሙቀቱ ነው።» አሮጊቷ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ያ ሁሉ ሰው የተበላሸ ውሃ እንዳጠጣቸው ሲነግራቸው አላመኑትም፤ የማይፈልገውን ይቅርታ ግን በላዩ ላይ ከመሩበት። ሚስቱ ብቻ ቀና ብላ አየችው።

መሐንዲሷም መጥታ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «እንደገና ጻፍኩ» አለችኝ ስሸኛት። «ግን ምን ልጻፍ? ቀይ ብዬዋለሁ። ከቀይ በላይ የሚያሳይ ቀለም የለኝም።»

የእኛ ሰፈር ተራ እንደገና ደረሰ። ቧንቧው ያው ነው፣ ፍሳሹም ያው፣ በላያቸው ያለው አፈርም ያው። ጋሽ ድፋው ቁልፉን ይዞ ወጣ፤ በአንድ ወር ያረጀው እርጅና የአሥር ዓመት ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ግን የሚሳደብ የለም። ከስድቡ የባሰው ይህ ነበር፤ በፍቅር ነው የሚለምኑት።

«ጋሼ፣ እንደዚያን ቀን ቶሎ ልቀቅልን!»

«እንደዚያን ቀን ብቻ አድርግልን፣ የኛ አባት!»

ማፍሰሻውን ከፈተ። ሻይ መሰለ፣ ቀጠነ፣ ጠራ። ለማሽተት ጎንበስ አለ፤ ጨለፈ፤ አፍንጫው ጋ ሳይደርስ ውሃው በጣቶቹ መሐል ተደፋ። እንደገና ጨለፈ፣ እንደገና ተደፋ። ሰውየው መሐል መንገድ ላይ ተንበርክኮ ማልቀስ ጀመረ። ሰዉ «ተዉት፣ ደክሞት ነው፤ ቁልፉን እኛ እናዙርለት!» እያለ ወደ ቫልቩ ተጠጋ።

ሚስቱ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ቁልፉን ከመሬት አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ባሏ አጠገብ ተንበረከከች፤ ከሚፈሰው በመዳፏ ጨለፈችና አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየች።

«ገና ነው» አለች።

«ኧረ እባክሽ፣ ጠርቷል እኮ!» ብሎ ሰው ጮኸ፤ ስድቡም ተመለሰ። እሷ ቀና አላለችም። ውሃው ቦይ ይገባል፣ እሷ ደጋግማ ትጨልፋለች፤ እኔም ቁልፉን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ።