የሰንጢው እጀታ

ትእዛዙ የደረሰን ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። እሑድ ወደ ሰሜኑ ድንበር ትወጣላችሁ፣ እስከዚያ ሰንበትን በየቤታችሁ ዋሉ ተባልን። ከመበተናችን በፊት ራሳፕ ሺሞን፣ የሻምበላችን ንብረት ኃላፊ፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ዕቃ አደለን። ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰንጢ ደረሰን፤ ምላጭ፣ ፒንሳ፣ መጋዝና መፍቻ አንድ ላይ የታጠፉበት፣ ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያለው። «ሰንጢ ነው፣ ጌጥ አይደለም። ያላ፣ ቀጥል» እያለ ያድላል። እኔም ከነማሸጊያው ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ልብ ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ይህን የምነግራችሁ እዚህ ተወልዳችሁ ነገ ከነገ ወዲያ ዩኒፎርም ለምትለብሱት ነው። ጀግና ነበርኩ ልላችሁ አይደለም። ጀግና የሚባለው ሌላ ሰው ነው፣ እደርስበታለሁ። እኔ ቂመኛ ነበርኩ። አስራ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ጠልቼ ኖርኩ፤ ጥላቻዬም ደስ ይለኝ ነበር።

ቤታችን ቂርያት ማላኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አባቴ ወገራ ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ሠርተው ለአገሩ ሁሉ የሚሰጡ እሳቸው፣ ቡዳ ተብለው የሚሸሹም እሳቸው። እዚህ መጥተው ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ካርቶን ሲሸከሙ ጡረታ ወጡ። ያን ዓርብ እኔ እንቅልፌን ስለጥጥ ቦርሳዬን ያሰናዱልኝ አባቴ ናቸው። ካልሲዬን ሳይቀር አጣጥፈው፣ ሰንጢውን ከማሸጊያው አውጥተው ቀበቶዬ ላይ ሰክተውልኛል። እሑድ ጎህ ሳይቀድ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ።

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም፤ በካርታችን ላይ ቁጥር ብቻ ነበረች። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደረስንባት። ናግማሽ በምንለው ብረት ለበስ መኪና ውስጥ አስር ሰዎች ነበርን። አዛዣችንና ሹፌሩ ከፊት፣ እኔና ማስረሻ ከኋላ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን። ማስረሻ የያቭኔ ከተማ ልጅ ነው። ሲፈራ ይቀልዳል። ያን ቀን ብዙ ቀለደ።

ሚሳይሉን አልሰማነውም። ናግማሹ ዘለለ፣ ዘመመ፣ በጎኑ ተጋደመ። አዛዣችንና ሹፌሩ እዚያው ሞቱ። ከኋላ ያለነው በበሩ ወጣን። ከድንጋይ ሥር ተኝተን ተቆጠርን። አንድ ጎደለ። ተመለስኩ።

የማስረሻ ትጥቅ ማንገቻ በተጣመመው የመቀመጫ ብረት ላይ ተቆላልፎ ይዞታል። የራሱ ሰንጢ ከሥሩ ተጨፍልቆ ቀርቷል። የኔን አወጣሁ። ከፈነዳው ቧንቧ የሚወርደው ዘይት እጄን እስከ ክርኔ አርሶታል። «ቁረጠው» አለኝ። ግማሹን ቆረጥኩ። ከዚያ እጀታው ከመዳፌ ሾለከ፣ እጄ ወደ ምላጩ ሄደ፣ የሁለት ጣቶቼ ጅማት ተበጠሰ። ሰንጢው ወደቀና በወለሉ ስንጥቅ ገባ። እሳቱ ቀረበ። «ውጣ አንተ። ውጣ ነው የምልህ» አለኝ። በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ጀግና ያልኳችሁ እሱ ነው።

ሆስፒታል ተኝቼ ክስ አጻፍኩ። ለወታደር እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ እጀታ የሰጠ ሰው ይጠየቅልኝ አልኩ። ሺሞን ተጠየቀ፤ የሰጠሁት ደህና ሰንጢ ነው ብሎ ፈረመ። የኔው ከናግማሹ ጋር ተቃጥሏል፣ ፋይሉ ተዘጋ። ከጓደኞቼ አንዱን እንኳ ያንተስ እጀታ እንዴት ነበር ብዬ አልጠየቅሁም። ቂም ምስክር አይፈልግም። ለአባቴም ጣቶቼን ጦርነት ጎዳቸው አልኳቸው እንጂ የሰንጢውን ነገር አላነሳሁም፤ ብረት በሚያውቅ ሰው ፊት የብረት ነገር ማውራት ከበደኝ።

ለአንድ ሰው ግን ነገርኩ። ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ያቭኔ ሄጄ የማስረሻ እናት እማማ ጥሩዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ። «ልጄን ማን አስቀረብኝ?» አሉኝ። ጠላት ማለት እችል ነበር። «ሺሞን የሚባል ሰው ነው» አልኳቸው። ስሙን ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ስሄድ፣ ሻማውን አብርተው ሲያበቁ፣ «ሺሞን፣ እጁን ይስበረው» ይላሉ። እኔም አሜን እላለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ከነቂሜ ነበር የምጸልየው፤ ያውም ስለ ቂሜ።

ዓመታት አለፉ። ቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ቢላዋ የሚሠራ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ገባሁ። ለወታደር የሚሸጥ ሁለገብ ሰንጢ ልናወጣ ሆነና ባለቤቷ ኦርና የእጀታውን ነገር በኔ ላይ ጣለችው። አራት ናሙና ደረደርኩ። አልሙኒየሙ ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ያቃጥላል፣ በክረምት ጣት ያደነዝዛል፣ ዘይት የነካው ቀን አያድርስ ነው። ወይራው እጅ ላይ ደስ ይላል፤ ግን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጎማው ጥሩ ይይዛል፤ ናፍጣ ውስጥ ብነክረው ሳምንት ሳይሞላው አጣበቀ። አራተኛው ከመስታወት ክር ጨርቅና ከሙጫ የተጋገረ ሰሌዳ ነው፣ ላዩ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ሻካራ። አላበጠም፣ አልቀለጠም፣ ከእጅም አልሾለከም። ለኔ ነገሩ ያለቀ ነበር። ኦርና ግን መጀመሪያ ገዢው ይየው አለች። ገዢው ጌዴራ ውስጥ የወታደር ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው አለችኝ። ስሙን ስትነግረኝ እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጥኩ።

ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ሰው ለሠርጉ እንኳ እንደዚያ አይዘጋጅም። የአልሙኒየሙን ሰንጢ ምላጭ ጠጉር እስኪላጭ ሳልኩት። ወፍራም ቀበቶ በማሰሪያ ወጠርኩ፣ የሞተር ዘይት በሳህን ቀዳሁ። ሐሳቤ አጭር ነው፤ እጁን ዘይት አስነክሬ በለስላሳው እጀታ አስቆርጠዋለሁ። ይሾልክበታል። እጁ ወደ ምላጩ ሲሄድ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ እነግረዋለሁ።

ሺሞን መጣ። ሸብቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል። አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አልኩ በልቤ። ፈተናውን ሳስረዳው፣ ቤሰደር፣ እሺ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና እጁን እስከ አንጓው ዘይት ውስጥ ነከረ። ሰንጢውን አቀበልኩት። ያዘው። ምላጩን ቀበቶው ላይ ሊያሳርፍ ሲል መዳፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገ። ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህን ለወታደር አልሸጥም» አለ። እጁን ጠርጎ ከኪሱ አንድ አሮጌ ሰንጢ አወጣ። እጀታው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከዳር እስከ ዳር ጥርስ የተቀረጸበት። ወታደሮቼ ሰሜን ሲወጡ ያደልኳቸው ይህን ነው፣ ይህች ከመጋዘን የተረፈች ናት አለ።

ደሜ ፈላ። «ትዋሻለህ። ካደልካቸው አንዱ እኔ ነኝ። የኔ ለስላሳ ነበር» አልኩት። ኦርና ከወንበሯ ተነሳች። ሺሞን ጣቶቼን አየ፣ ከዚያ ፊቴን። «የማስረሻ ጓደኛ» አለ። ሰንጢውን መዳፌ ላይ አኖረና «ወስደህ ለፈለግኸው አሳየው» ብሎኝ ወጣ።

ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ነዳሁ። ብረት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ይህ ሰንጢ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው እንዲሉኝ፣ ውሸታም የሚለውን ቃል ከሳቸው አፍ ለመስማት። ሰንጢውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፊታቸው በራ።

«እንዴ፣ ይህ እኮ የሰንጢህ ወንድም ነው» አሉ። «ያንተም እንዲህ ሻካራ ነበር። ዓርብ ዕለት ተኝተህ ሳለ በሞረድ ወርጄበት፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ ቅቤ ቀብቼ አለሰለስኩልህ። እጅ በሚልጥ እጀታ ልጁን የሚሸኝ ቀጥቃጭ በኛ አገር የለም።» ሰንጢውን መለሱልኝና፣ «መልካም ነበር አይደል?» አሉኝ።

«መልካም ነበር፣ አባዬ» አልኳቸው።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማስረሻ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ። ለዘመናት ስስለው የኖርኩት ምላጭ ማንን እንዲወጋ ልስጠው? እነዚያ እጆች እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ብረት የነኩት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ እሱም ለኔ ብለው።

በነጋታው ሰንጢውን ጌዴራ ወስጄ ለሺሞን መለስኩለት። አጥፍቻለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሻካራውን እጀታ አዘዘ። ከዚያ ወደ ያቭኔ ሄድኩ።

እማማ ጥሩዬ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። የነገርኩዎት ሰው በደል የለበትም አልኳቸው። ሰንጢው ሲሰጠኝ ሻካራ ነበር። እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሱ።

«ታዲያ ማነው?»

«እኔ ነኝ። እጀታውን ያለሰለስኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አባቴን አልሰጠኋቸውም። ይህ ውሸት እስከ መቃብሬ የኔ ነው።

እንዲረግሙኝ ጠበቅሁ። ስማቸውን ጠርቼ ይማሩኝ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ሰፌዱን ከጉልበታቸው አወረዱ። ከዚያ፣ «ይህ ሺሞን የምትለው፣ እናት አለችው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ያን ሁሉ ዓመት ስጠላው እናት ይኑረው አይኑረው አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

«ሂድና ጠይቅልኝ» አሉ። «ልጇን ስረግም ኖሬያለሁ።»

ከዚያ ናግማሽ ሦስት ሰው ሞተብን፤ አዛዣችን፣ ሹፌሩ፣ ማስረሻ። ሰባት ወጣን። ማስረሻን የገደለው ሚሳይሉና እሳቱ ነው፤ ዛሬ እንደዚያ ብዬ ነው የምናገረው። አባቴ በሕይወት አሉ፣ የሚያውቁት ነገር የለም፤ እናንተም እሳቸው ፊት እንዳታነሱት። ሺሞን እናት ነበረችው። እማማ ጥሩዬን ይዣቸው ጌዴራ ስደርስ ከተቀበረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።