ካሴቱ የቆረጠው ዘፈን

ጅማ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ ስል ልጆቼ ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ሁለት ቴፕና ወደ መንገድ የዞረ አንድ ድምፅ ማጉያ ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ሰው በሬ ላይ ቆሞ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ የትኛውን ካሴት እንደሚፈልግ አውቅ ነበር።

ጓደኛዬ አናጢ ነው። ሠርግ ሲኖር መጋዙን አስቀምጦ ይዘፍን ነበር፤ በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ወገን «የኔ ነው» ይለዋል። አንድ የሠርግ ዘፈን ራሱ አወጣ። አራት አንጓ አለው። አራተኛው የሙሽራይቱ አባት ልጁን መርቆ የሚሸኝበት ነው፤ ጓደኛዬም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንን አንጓ ነው። ከሱቄ ጓዳ፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ቀዳሁለት።

ጥፋቱ የኔ ነው። የዘጠና ደቂቃ ካሴት አልቆብኝ በስድሳው ቀዳሁት፤ ሌሎቹን የሠርግ ዘፈኖቹን አስቀድመን ይሄኛውን መጨረሻ ላይ አደረግነው። አራተኛው አንጓ ተጀምሮ ገና «አባትሽም» እንዳለ ካሴቱ አለቀና ቀጭ ብሎ ቆመ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ዘፈነ። ካሴቱ መቆሙን አልነገርኩትም። ነገ እንደግመዋለን ብዬ ነበር፤ በነጋታው ግን ደንበኛ መጣና ከዚያው ካሴት ቀዳሁለት፣ ከዚያም ሌላ መጣ። ጓደኛዬ ካሴቱን ሰምቶ ሲጠይቀኝ «ጫፉን ቴፑ በላብኝ» አልኩት።

ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ጉድለቱም አብሮ ይሄዳል። ከአሰንዳቦ እስከ ደዶ ሰው ዘፈኑን እንደ ካሴቱ ለመደው። «አባትሽም» ይሉና ቀጥ፤ ከዚያ እልልታ። ጓደኛዬ ራሱ አራተኛውን ሊቀጥል አፉን ሲከፍት እልልታው ይውጠዋል። «ማል ጎዳ? ምን ላድርግ?» ይለኛል፤ «የገዛ ዘፈኔን ከኔ የበለጠ ያውቁታል።» እኔም ቴፑን አብሬው እረግማለሁ።

ከዚያ ኪቦርድ መጣና አጨብጫቢዎቹን ሥራ አስፈታ። ቀጥሎ ሲዲ መጣ፤ ሰው ዘፈን ሊገዛ ሲመጣ «ክሊፕ አለው ወይ?» ማለት ጀመረ፤ ድምፁን ትቶ ጭፈራውን ያያል። ኋላ ደግሞ ዘፈን ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ላይ ይሞላ ጀመር፤ ያኔ ሱቄን ዘጋሁ። ሠርጉን ዲጄ ያዘው፤ ጓደኛዬንም የሚጠራው ጠፋ።

ባለፈው የመጨረሻ ልጄ ሠርግ ሲቃረብ ጓደኛዬ በጊንጆ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣ።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለኝ። «ድምፄ እየሄደ ነው። ያቺን አራተኛ አንጓ ሰው ሳይሰማት አብራኝ እንዳትቀበር። ልጅህ ሠርግ ላይ ልዝፈናት።»

ያኔ መደበቅ አልቻልኩም፤ የስድሳውን ካሴት ነገርኩት።

«ዋላሂ፣ ያንን ምስኪን ቴፕ ስንቴ ሰደብኩት» አለ። «በል፣ ካሣህ ይሄ ነው፦ እንዳያቋርጡኝ ሰዉን ዝም ታሰኝልኛለህ።»

ሰው በሠርግ እልል እንዳይል መለመን ቀላል አይደለም። ከደዶ የመጣችውን የሚስቴን እህት ባስጠነቅቃት «አንተ ሰውዬ፣ ሠርግ ነው ለቅሶ የጠራኸን?» አለችኝ። ዲጄው ደግሞ «አባባ፣ ከሦስት ደቂቃ እንዳያልፉብኝ፣ ፕሮግራሙ ሞልቷል» ይላል።

ጓደኛዬ ማይኩን ያዘ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛውን ግን ደህና ወጣው። «አባትሽም» ሲል ድንኳኑ ሙሉ እንደ አንድ ሰው ቀጥ አለና እልልታው ፈነዳ። ብድግ ብዬ ዝም በሉ ለማለት እጄን ባወዛውዝ የጨፈርኩ መሰላቸው፤ ባሰባቸው። ዲጄው እጁን ወደ ማሽኑ ሲልክ ጓደኛዬ ማይኩን ዝቅ አደረገ።

ሙሽራዋ ልጄ ከመድረኩ ወርዳ ማይኩን ከእጁ ወሰደች። «ቆይ እስቲ» አለች፤ «አባቴ ምን እንዳለኝ እኮ አልሰማሁም።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ማይኩን መለሰችለትና አራተኛውን ዘፈነው። አባትየው ልጁን «ቤትሽ ነው፤ ከባልሽ ሳትጣዪም ነይ» የሚላት ነው። ደግሼ የምሸኛት እኔ ነበርኩና እኔም አቀረቀርኩ። ሲጨርስ የሚስቴ እህት አፍንጫዋን ጠርጋ «ደህና ነው፤ ግን ረዘመ» አለች።

የሙሽራው እህት ስልኳን ያወጣችው ልጄ ማይኩን ስትወስድ ነበር፤ ስለዚህ የቀረጸችው አራተኛውን ብቻ ነው። እሱኑ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው።

በወሩ እኔና ጓደኛዬ ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ጊንጆ ስንመለስ ሹፌሩ ያንኑ ቅጂ ከስልኩ ከፈተው። ጓደኛዬ ወደፊት ጠጋ አለ።

«ይሄ ዘፈን እኮ ከፊቱ ሦስት አንጓ አለው» አለው።

«አይ አባባ» አለ ሹፌሩ፣ በመስታወት እያየን፤ «ተሳስተው ነው። ሙሉው ይሄው ነው፤ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ያለው ይሄ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ወደ ወንበሩ ተደግፎ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«እሺ ልጄ» አለው፤ «እስቲ ድገመው።»