ፔሮል ላይ የሌለው ተላላኪ

በዚያ መሥሪያ ቤት ሰው የሚለካው በማኅደሩ ውፍረት ነው። ማኅደር ከሌለህ ገና አልተወለድክም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የሚያስከብረው ግን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ነው። ሠራተኛው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ሰባት ወረቀት»። ሰውዬው የቀረበለትን ማኅደር አያነብማ! ይቆጥራል እንጂ። ሰባት ወረቀት ከሞላ ይፈርማል፤ ስድስት ከሆነ መልአክ ይዞት ቢመጣም ይመልሳል።

የዚህ የወረቀት አምባገነን ዓይን ያረፈው በእትዬ ገመድ ወንበር ላይ ነበር። እትዬ ገመድ የኮምፒውተር ክፍሉ ብቸኛ ሠራተኛ ናት። ክፍል ከተባለ፤ ደረጃ ስር ያለች፣ ሰርቨሩ እንደ አስም በሽተኛ የሚያለከልክባት ጓዳ ነች። ሃያ ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ስር ተንበርክካ ገመድ ስትቀጥል ስለኖረች አለቆቿን ከፊታቸው ይልቅ በጫማቸው ታውቃለች። «ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ቀለም አስቀብቷል፤ ስብሰባ ሊጠራ ነው» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው ሥራ አስኪያጁ ሰርኩላር በወረቀት መበተን ይቅር ያለ ዕለት ነው። ወደ አንድ አድራሻ የተላከውን ደብዳቤ ለሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ሠራተኞች በኢሜይል የሚያደርስ ሶፍትዌር እንድትጭን ታዘዘች። ቀነ ገደቡ ዓርብ ስድስት ሰዓት።

«እስከዚያ ካልሠራ ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች» አለ ሰባት ወረቀት። ወንበሯን ለእህቱ ልጅ ካሰበላት ከርሟል። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም፤ ያለው የተሰበረ ወንበርና እርጥበት ነው። ለጡረታ ሦስት ዓመት ለቀራት፣ ደረቷም ለማያስተማምናት ሴት ከነሕይወት መቀበር ነው።

ሶፍትዌሩ በጠባዩ መሥሪያ ቤቱን ይመስላል፤ በተፈቀደለት ቡድን ውስጥ ላልተመዘገበ በር አይከፍትም። እትዬ ገመድ ቡድኑን አቋቋመችና አራት አባላት አስገባች፦ ሥራ አስኪያጁን፣ ጸሐፊዋን፣ ሰባት ወረቀትንና «ተላላኪ»ን። ተላላኪ ሰው አይደለም። ኢሜይል ከውጭ ተቀብሎ ለሶፍትዌሩ የሚያቀብለው ፕሮግራም የሚሠራበት ስም ነው። እሱ ከቡድኑ ከወጣ ደብዳቤው ደጅ ይቀራል።

ሰባት ወረቀት ዝርዝሩን ከመነጽሩ በላይ አየው።

«ይሄ ተላላኪ የሚባለው ማነው?»

«ፕሮግራም ነው ጋሼ። ደብዳቤውን የሚያደርሰው እሱ ነው።»

«ፔሮል ላይ አለ?»

«ደሞዝ አይበላም እኮ!»

«ደሞዝ የማይበላ ሠራተኛ ነው የሚያስፈራው። ሰርዢው!»

«ጋሼ፣ እሱን ከሰረዝነው እኮ…»

«እኔን ገመድ አታስተምሪኝ። ማኅደር የሌለው ቡድን አይገባም።» ማኅተሙን ጓ! አደረገው። «ማኅተም ያረፈበት ደግሞ አይሻርም።»

ሰኞ ሰረዘችው። ማክሰኞ የሙከራ ደብዳቤ ብትልክ፣ ስክሪኑ «ያቀረበው የቡድኑ አባል አይደለም፤ አልቀበልም» አላት። ረቡዕም ያንኑ ደገመላት። አለቃ ፊት ትንፍሽ የማይለው ሰፊው ሠራተኛ ምሳ ላይ ቀልድ አማረው፦ «እትዬ፣ ለምድር ቤት ሹራብ ገዛሽ?» ሰባት ወረቀትም የዝውውር ደብዳቤዋን ረቡዕ ከሰዓት ጽፎ፣ የዓርብ ቀን አድርጎ፣ ማኅተም መታበት። ሟች ገና ሳያስነጥስ ጉድጓድ መማስ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ገመድ ባለ አምስት ወረቀቱን የቅጥር ቅጽ አወጣች። ስም፦ ተላላኪ። ዕድሜ፦ ከሰኞ ወዲህ። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባ። ጤና፦ መብራት ሲጠፋ ራሱን ይስታል። ተያዥ፦ ራሷ። ለፎቶግራፍ በተተወው ቦታ የሰርቨሩን ፎቶ ለጠፈች፤ ፊት ለፊት የተነሳ፣ ሁለት ጆሮው የሚታይ፣ ልክ እንደ ደንቡ። የቡድን አባልነት መጠየቂያውን አከለችበትና ቆጠረች። ስድስት። ከግድግዳው ላይ የጽዳት ተራ ዝርዝሩን ነቅላ ጨመረችበት። ሰባት።

ከሌሎች ሃያ ማኅደሮች መሐል ሸጎጠችው። ሰባት ወረቀት ጣቱን ምራቅ እያስነካ ቆጠረ፤ ፈረመ፤ ጓ! ተላላኪ በዚያው ቅጽበት ሠራተኛ ሆነ። እሷም ወደ ቡድኑ መለሰችው፤ ለራሷ ብቻ በከፈተችው ትንሽ የአድራሻ ዝርዝር ሞከረችው፤ ደረሰ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ወረቀት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠራት።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አራት ቀን ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልደረሰም። በዓይንዎ ይዩልኝ፤ የራሷን የዝውውር ደብዳቤ እዚሁ እልክበታለሁ። ቢደርስ ስሜን ይቀይሩት!»

«ጋሼ፣ ባይልኩት ይሻልዎታል» አለች።

«ፈራሽ እንዴ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

የመላኪያውን ቁልፍ ተጫነው።

መጀመሪያ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጢን አለ። ቀጥሎ የጸሐፊዋ። ከዚያ ኮሪደሩ፣ ሂሳብ ክፍሉ፣ ደረጃው፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር፤ ሕንጻው በሙሉ ጢን ጢን አለ። ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሠራተኛዋ የደብዳቤ ማሰራጫውን ማሠራት ስላልቻሉ…» ቀና አለ። «በምን ደረሰኝ ይሄ?»

«በማሰራጫው።»

«ማን አደረሰው?»

«ተላላኪ ነው።» ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጋሼ ናቸው የቀጠሩት፤ ፊርማቸው ይኸው።»

ሥራ አስኪያጁ ሰባቱንም ወረቀት አነበበ። በዚያ መሥሪያ ቤት ማኅደር ሲነበብ የመጀመሪያው ነው። ፎቶው ላይ ሲደርስ ሰባት ወረቀትን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ እንደገና ሰባት ወረቀትን አየ።

«ይሄስ ቢያንስ የተሰጠውን ያነባል» አለ።

«እንግዲህ ደብዳቤው ይሰረዛላ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ» አለ ሰባት ወረቀት፣ ላቡን እየጠረገ።

«ማኅተም ያረፈበትማ አይሻርም። የተዛዋሪውን ስም ብቻ እናስተካክለዋለን፤ ይቀየር ያልከው አንተው ነህ።»

እትዬ ገመድ ደረጃ ስር፣ ከሚያለከልከው ሰርቨሯ ጋር ቀረች። ሰኞ ከሰዓት ለሥራ ወደ ምድር ቤት የወረደ ሰው ግን፣ በጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ የተሰበሩ ወንበሮችን ሲቆጥር ሰማሁ ይላል። ሰባት ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ይፈርማል።