የማርቫ እንከናም ካውቦይ

ማርቫ ስትራውድ የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሾፌር ናት። ልጆቹ እስኪወጡ መሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ታነባለች። የካውቦይ የፍቅር ታሪክ ነው፣ ሌላ አይደለም። ያውም ጀግናው ሰካራም የነበረ ወይ የሚያነክስ ካልሆነ መጽሐፉን አትነካውም። እኔም እየተዋስኳት ስንቱን አንብቤ አልቅሻለሁ።

«እንከን የሌለው ወንድ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። «ቢያገባኝ ሲታዘበኝ ይኖራል እንጂ!»

ባሏ ዶይል ከዚያ መጽሐፍ የወጣ ነው የሚመስለው። ከሦስት ዓመት በፊት ጠጥቶ የባሌን የሆይትን ምርጥ ፈረስ ገደል ከቶ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም። እዚህ ሞንታና ጥጆች በጋለ ብረት ምልክት በሚደረግባቸው ቀን ጎረቤት ሁሉ ይመጣል፤ በፈረስ ሆኖ ጥጃ በገመድ የሚጠልፈውን ግን የሚጠራው ባለከብቱ ነው። ያልተጠራ ወንድ ከሰው አይቆጠርም። ዶይልን ከዚያ ወዲህ ማንም ጠርቶት አያውቅም።

«ዘንድሮም ሆይት ካልጠራኝ ከብቱን ሸጠን እንሂድ ብሏል» ብላ ማርቫ ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው። ሆይትን ለመንኩት። «አያለሁ» አለ።

የኛ ጥጆች ቀን ደረሰና ሆይት ሁሉንም ጠራ፤ ትናንት ጢም ያበቀለውን ሁሉ! ለዶይል ግን የተከተቡትን ጥጆች የሚቀባበት ቀለም ሰጠው። የልጆች ሥራ! እነዚያን መጽሐፎች እየተቀባበልን የምናነብ ሴቶች ሁሉ አቀረቀርን። ደሜ ፈላ። ወረቀት ላይ ለሚያነክሰው እናለቅሳለን፣ በረት ውስጥ የቆመውን ግን አላየንም እንላለን! ገመዴን ከኮርቻዬ ፈትቼ ለዶይል ዘረጋሁለት።

«አንቺ ሴትዮ፣ በማን በረት ነው?» ብሎ ሆይት ጮኸ።

«በአባቴ በረት! ዝም በል!»

ዶይል ግን አልተቀበለኝም። «ይቅርብኝ፣ አዮና። ፈረሱ የሱ ነበር፤ ከሱ እጅ ካልሆነ አልፈልግም» አለና ቀለሙን ይዞ ጎንበስ አለ። ሆይት ፊቱን አዞረ። ድንጋይ!

በሳምንቱ ተራው የነማርቫ ነበር። እግሬ እየተጎተተ ሄድኩ። ዶይል በረቱ መሃል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መጀመሪያ የጠራው ሆይትን ነው። ባሌ መሬት መሬት እያየ ፈረሱ ላይ ወጣ።

ማርቫ አጠገቤ ቆማ በንዴት ታለቅሳለች።

«ልትሄዱ ነው?» አልኳት።

«የት አባታችን እንሄዳለን?» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ባልሽ በየዓመቱ እየመጣ ይፈር እንጂ!»