ሁለት መደብ ሥጋ

አባቴ በጥቂቱ መግዛት አያውቅበትም ነበር። ከሐረር የአትክልት አይሱዙ ጅጅጋ በገባ ቁጥር ቲማቲሙን በሳጥን፣ ሙዙን ከነዘለላው ያሸክማል። ግማሹ ይበሰብሳል። እናቴ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እኛ እኮ ሦስት ነን" ስትለው "ቤት ሙሉ ሲሆን ደስ ይላል" ይላታል። ይሄ ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጓሯችን ባለችው ክፍል አንዲት ሶማሌ እናት ትኖር ነበር። ሐርተሼክ አካባቢ ድርቁ ፍየሎቿን ፈጅቶባት ነው የመጣችው፤ ልብስ ታጥብልናለች። ትንሿ ልጇ መንምና መቆም አቅቷታል። ክሊኒክ ወስደዋት ወተትና ሥጋ ታግኝ ተባለች። ወተቱን እናቴ ቻለችው።

ፋሲካ ሲደርስ ክርስቲያን ነጋዴዎቹ እንደ ልማዳቸው ለቅርጫ በሬ ገዙ። እናቴ አባቴን ለመነችው። "ዘንድሮ አንድ መደብ ይበቃናል። በሁለተኛው መደብ ብር ለልጅቷ ፍየል ግዛላትና የእሷ ሰው ይረድላት፤ እኛ ያረድነውን እንደሆነ አትበላው።"

"ከነጋዴው ሁሉ አንሼ አንድ መደብ ልያዝ?" አለ። "ፍየሉ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል።"

ሁለት መደብ መጣ። በማግስቱ መብራት ሄደ፤ ቀናት አለፉ፣ አልመጣም። እናቴ የቻለችውን ቋንጣ ዘለዘለች፣ የቻለችውን ቀቀለች፣ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልትሰጥም ዞረች፤ ሁሉም ቤት ያው ሥጋ ተርፎታል። የቀረው ሸተተ። አባቴ ጓሮ ይቀበር አለ። ሥራው ለማን ደረሰ? ለልብስ አጣቢያችን።

ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ ስትቆፍር ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ "ሂሊብ፣ ሂሊብ" ትላለች። ሥጋ ማለቷ ነው። እናቷ "ሐራም ነው" አለቻትና መቆፈሯን ቀጠለች። እናቴ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ፍየሉ ሳይገዛ ልጅቷ ሞተች።

አባቴ ያን ዕለት ገበያ ሮጠ። የሰባ ሙክት ፍየል እየጎተተ መጣ፣ ሸኽ አስጠርቶ አሳረደ፣ ለቀስተኛው በላ። እናቴ አጠገቡ ቆማ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለችው።

ሥጋውን በሳህን ይዛ ወደ ሐዘንተኛዋ ስትሄድ ተከተልኳት። ሴትየዋ ሳህኑን አየችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

"አባዮ፣ እህቴ" አለቻት፣ "ይሄ ዛሬ ለማን ነው?"