የገበያነሽ ሬዲዮ

ገበያነሽ እጇን ሬዲዮው ላይ ሳታሳርፍ እንግሊዝኛ አስተምራ አታውቅም። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የሬዲዮ ትምህርት በሚተላለፍበት ሰዓት መዳፏ ከሣጥኑ አይነሣም። ባልደረቦቿ "ዛሬም ባልሽን አቅፈሽ ዋልሽ?" እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ! ሣጥኑ መዳፏ ሥር ሲርገበገብ ሬዲዮው እየተናገረ ነው፤ ሲያቆም ተራው የልጆቹ ነው። በጆሮዋ የምትሰማው ነገር የለም።

በዚያ ክፉ የቀይ ሽብር ዓመት አብዮት ጠባቂዎች ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ወደሚኖሩበት ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ወሰዷት። አንድ ካድሬ "ባልሽ የት ገባ?" እያለ በሁለት መዳፉ ጆሮዋን አጋጨባት። የት እንደገባ እስከ ዛሬም አታውቅም። ተፈታ ስትወጣ ጆሮዋ ይጮኽ ነበር፤ ጩኸቱ እያደር ሲቀንስ ሌላውንም ድምፅ ይዞ ሄደ። መጀመሪያ የእንጦጦ ማርያም ደወል ራቃት፣ ቀጥሎ የጎረቤቷ የሸማኔው መወርወሪያ፣ በመጨረሻ የገዛ ልጆቿ ድምፅ። የሰው አፍ እያየች መኖርን ለመደች። ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነውና ለማንም አልተነፈሰችም።

ተማሪዎቿ ግን ያውቁ ነበር። ከልጅ ምን ይደበቃል! ፊት ወንበር የምትቀመጠው ዓሊማ፣ መምህሯን ከኋላ የሚጠራ ሰው ሲመጣ የቀሚሷን ጫፍ ሳብ ታደርጋለች። ከመካከላቸው አንድም ልጅ ወሬውን ከክፍል አላወጣም።

ከዚያ አዲሱ መመዘኛ መጣ። ዳይሬክተሩ ጋሽ ስብሐት ስብሰባ ላይ አነበቡት፦ "በሬዲዮ ትምህርት ጊዜ መምህሩ ከሬዲዮው ርቆ፣ በተማሪዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ይከታተል። ይህን የማያሟላ ከማስተማር ሥራው ይነሣል።" የጻፈው ሰው ምን ቸገረው፤ ቢሮው ተቀምጦ ለሁሉም እግር አንድ ልክ ጫማ ሰፋ! ገበያነሽ ያን ቀን ምሳዋን ሳትቀምስ ዋለች።

ተቆጣጣሪው ጓድ ግዛቸው መጥቶ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጠ። እሷ ጀርባዋን ለሬዲዮው ሰጥታ ልጆቹ መሀል ቆመች። ዓይኗን ከልጆቹ አፍ አልነቀለችም። ከንፈራቸው ሲገጥም ሬዲዮው እየተናገረ ነው፤ ሲከፈት እየመለሱ ነው። እየቆየ ሄደላት፤ ልቧም ትንሽ ረጋ አለ።

መብራት ጠፋ። ቀን ስለሆነ ክፍሉ አልጨለመም፤ ሬዲዮው ብቻ ዝም አለ። ልጆቹ ተያዩ። አርፈው ቢቀመጡ ኖሮ ነገሩ ገብቷት ዞር ትል ነበር። አንጀታቸው አልቻለም። ዓሊማ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ጀመረች፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ሬዲዮው የሚናገር ይመስል ቆም ይላሉ፣ ይመልሳሉ፣ እንደገና ቆም ይላሉ። የገበያነሽ ፊት በራ።

"ቬሪ ጉድ!" አለች ጮክ ብላ። "አሁንም ሬዲዮው የሚላችሁን በደንብ አዳምጡ!"

ጓድ ግዛቸው ተነሥቶ በአጠገቧ አለፈና ሬዲዮው ዘንድ ቆመ። "ጓድ ገበያነሽ፣ ሬዲዮው ምን እያለ ነው?" አላት ከጀርባዋ። እሷ ፈገግ እንዳለች ልጆቹን ታያለች። ደግሞ ጠየቃት። ዓሊማ ስታለቅስ ስታይ ነው ዞር ያለችው። ሮጣ ሄዳ መዳፏን ሣጥኑ ላይ ጫነች። አይርገበገብም።

ግዛቸው ክፉ ሰው ቢሆን በተረገመ ነበር። ግን አልነበረም። ወደ ደጅ አወጣትና አፉን እንድታይለት ፊት ለፊት ቆሞ፣ ቀስ እያለ ነገራት።

"አይዞዎት። ከማስተማሩ መነሣትዎ አይቀርም። ግን ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰብዎ ማረጋገጫ ካመጡ ሌላ ሥራ ላይ እንመድብዎታለን።"

"ማረጋገጫውን ከየት ነው የማመጣው?"

"ከሚኖሩበት ከፍተኛ ነዋ" አላት። "ሄደው የሆኑትን ይንገሯቸው፤ ይጽፉልዎታል።"

ከከንፈሩ ላይ አንድም ቃል አላመለጣትም።