የማሪቱ ስምንተኛ ቀን

ማሪቱ ያቭኔ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ትሠራለች። ሥራዋ አንሶላ ማስገባት ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ እርጥቡን በጋሪ ይመጣል፤ ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ ለሚሽከረከረው ትኩስ ብረት ያጎርሱታል። ጣት ከብረቱ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት። ጫፉ ከተጠማዘዘ አንሶላው ተጨማዶ ይወጣና ተመልሶ ይታጠባል። ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ማታ ቂርያት ማላኪ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሰውነቷን የምታውቀው በሚያማት ቦታ ብቻ ነው፤ ወገቧን፣ ቀኝ ትከሻዋን፣ የአውራ ጣቶቿን መጋጠሚያ።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ፣ ስለ ወገቧ ሕመም የመረመረቻት ወጣት ሐኪም ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ፣ “የወር አበባሽ ከቀረ ዓመት ሞላው፤ አለቀ ማለት ነው። በአርባ ስምንት ዓመት ደንበኛ ነገር ነው። ሌላ ጥያቄ?” አለቻት። ማሪቱ ጥያቄ ነበራት። ኮምፒውተር ፊት የሚጠየቅ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ከአንሶላው ማዶ ለምትቆመው ለአባቷ የአክስት ልጅ ለእትዬ ታፈሰች ነገረቻት። ታፈሰች ስድሳን ያለፈች፣ ሰኞና ሐሙስ የምትጾም ሴት ናት።

“እሰይ! ተገላገልሽ!” አለች ታፈሰች። “አገር ቤት ብትሆኚ ኖሮ ይኸኔ ነጭሽን ለብሰሽ ጸሎት ቤት ደጃፍ ነበርሽ። ሴትነቱ አለቀ፤ ከእንግዲህ ነፍስ ነው።”

“ሐብቴስ?” አለች ማሪቱ፤ ባሏ ነው።

“ሐብቴ ምን? የጎረምሳ ነገር ቀርቶበት ይተኛ! አንቺ፣ ጫፉን ያዢው፣ ተጠማዘዘ!”

ማሪቱ ጫፉን አቃናች። ደስ አላላትም። ለምን ደስ እንዳላላት ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አገር ቤት፣ ወገራ ውስጥ በአይሁድ መንደራቸው ሳሉ፣ ሴት ደሟ ሲመጣ ከመንደሩ ዳር ወዳለችው የደም ጎጆ ትወጣለች። ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሯል፤ ምግቧን ከድንጋዩ ወዲህ ያስቀምጡላታል። ሰባት ቀን ውሃ አትቀዳም፣ አትፈጭም፣ የሰው ዕቃ አትነካም። ሌላ ሰው ሲሰማው ግዞት ይመስለዋል። ማሪቱ ግን በዕድሜዋ ያረፈችው እዚያ ብቻ ነው። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ እግራቸውን ቅቤ ይቀባባሉ፣ የባሎቻቸውን ነገር አንስተው እስኪያነቡ ይስቃሉ። በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርደው ልብሳቸውንም ገላቸውንም ያጥባሉ። ኮከብ ሲወጣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ሰባት ቀን ወደ ጠበቀ ሰው ቤት ይገባሉ። እናቷ፣ “በዚያ ሌሊት እግዚአብሔር ቤትሽ ያድራል” ትላት ነበር። ማሪቱ ጸሎት የገባት በመጽሐፍ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ፣ እርጥብ አንገቷን ነፋስ ሲነካው ነው።

ቂርያት ማላኪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ የለም። ለመንጻት የሚኬደው ሚክቬ ወደሚባለው ገንዳ ነው ተብላ፣ በመጣች በዓመቷ ሄዳ አየችው። ውሃው ሸክላ በለበሰ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። በወገራ ወግ የሚያነጻው ወራጅ ውሃ ነው። እቤት ያለው ሻወር ግን ይወርዳል፣ ይሄዳል። ስለዚህ በየወሩ ሰባት ቀን ትንሿ ክፍል ለብቻዋ ትተኛና፣ በሰባተኛው ማታ ከኩሽና መስኮት ኮከብ ፈልጋ፣ ሻወር ሥር ቆማ “ይትባረክ እግዚአብሔር” ትላለች። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረች።

በአርባ አምስት ዓመቷ ቆጠራው ተበላሸ። ደሙ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ አንድ ጊዜ ሁለት ወር ይጠፋል። መጀመሪያ “ገና ነኝ” ትለው ነበር ባሏን። በኋላ እሱንም ማለት ተወች። ድካሙም አግዟታል፤ የትንሿ ክፍል በር ሲዘጋ እንቅልፍ ነው። ገዴራ ውስጥ የትምህርት ቤት በር የሚጠብቀው ሐብቴ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን አራት ቦታ አጥፎ ያስቀምጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቃትም። አለመጠየቁ አክብሮት ይሁን፣ ወይስ እሱም ነገሩን ጨርሶ ትቶት ይሁን፣ ማሪቱ አታውቅም። ሐኪሟን ልትጠይቅ የፈለገችው ወደዚህ የቀረበ ነገር ነበር፤ አሁንም ሚስት መሆን ይቻላል ወይ?

በዚያው ሰሞን ሊኖር የምትባለው ልጇ ልታገባ ነውና ገዴራ ውስጥ የሙሽሮች ትምህርት ጀመረች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰሐን ሲያጥቡ ነገሩ ተነሣ።

“ኢማ፣ ሻወር እኮ አይቆጠርም” አለች ሊኖር፤ እናቷን የምትጠራት በዕብራይስጥ ነው።

“ይፈስ የለም እንዴ?”

“ከቧንቧ ነዋ የሚፈሰው! የዝናብ ውሃ ነው የሚያስፈልገው።”

“ቧንቧውስ ከሰማይ ካልሆነ ከየት አመጣው?”

“ዲ፣ በቃ ኢማ! እንዲያ ከሆነ እኛ አራታችንም...” ሊኖር ከንፈሯን ነከሰች።

ማሪቱ ሰሐኑን አስቀመጠች። “እናንተ አራታችሁም ሰባት ቀን ቆጥሬ፣ ኮከብ አይቼ፣ ጸልዬ የወለድኳችሁ ናችሁ። ይህንንም ለአስተማሪሽ ንገሪያት።”

“ቤሰደር፣ እሺ፣ እሺ። ማለቴ፣ ደሙ ከቆመ አንድ ጊዜ መጥለቅ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ለዘላለም ንጹሕ ነሽ። ግን አሁን በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?”

ማሪቱ መልሱን ያገኘችው እሑድ፣ አንሶላው ላይ፣ ታፈሰች የዓርብንም ጾም እንድትጨምር ስትመክራት ነው።

“እትዬ፣ አንቱ ሃይማኖት ያውቃሉ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እግዚአብሔር ሰባት ቀን ተለዪ ያለኝ ስምንተኛ ቀን ስላለ አይደለም? ሰባቱን ጠብቄያለሁ። ስምንተኛውን ማን ሻረብኝ?”

ታፈሰች ጫፉን ለቀቀችው። አንሶላው ተጨማዶ ገባ።

“ባለጌ!” አለች። ከዚያ አፏን በክንዷ ሸፍና ሳቀች። “ይችን ነገር ባሌ በሕይወት እያለ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

ማክሰኞ ማሪቱ ፈቃድ ወሰደች። ጎረቤቷ አመለወርቅ ሹሩባ ሠራቻት፤ ሃያ ስድስት ጉንጉን፣ ሥሩ ቀጭን፣ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቅቤም ቀባቻት።

“ሰርግ አለሽ?” አለቻት አመለወርቅ።

“አለ።”

“የማን?”

“ኧረ አታውቂያቸውም።”

ወደ ሚክቬው እንደምትሄድ ለሊኖር ስላልነገረቻት፣ ሊኖርም ያልነገረቻት ነገር ነበር። ታኅሣሥ ነውና ቶሎ መሸ፤ ኮከብ እንደታየ ማሪቱ ሚክቬው በር ላይ ደረሰች። ሴቶቹ ሲጠልቁ የምትቆጣጠረው ሚሪያም ከሞሮኮ የመጣች፣ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ናት። ሻሿን አንስታ ሹሩባውን ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

“ነሻማ፣ ነፍሴ፣ ይኸ መፈታት አለበት። ውሃው እያንዳንዷን ጠጉር መንካት አለበት። ቅቤውም ይለቅ።”

“ሦስት ሰዓት ነው እኮ የፈጀው።”

“ከፈለግሽ ፈትተሽ ነገ ነይ።”

ነገ ሥራ ነው፤ ከነገ ወዲያም። ማሪቱ የገላ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ክንዷን ወደ ራሷ ስታነሣ ትከሻዋ ጠዘጠዛት። ቤት ሄዶ መተኛት አማራት። ዛሬ ከሄደች ደግሞ ተመልሳ እንደማትመጣ ታውቃለች። አንዷን ጉንጉን ጫፏን ይዛ መፍታት ጀመረች።

ሚሪያም ትንሽ ቆማ አየቻትና ወንበር ጎትታ ከኋላዋ ተቀመጠች። የማበጠሪያውን ጭራ አነሣች። “የኋላውን ለእኔ ተዪልኝ። ሴቶች ከዚህ ወጥተው ነው የሚያጌጡ፤ አንቺ ምነው ቀደምሽ?”

“ቀድሜ ካላጌጥኩ እንደማልመጣ አውቄ ነው።”

የሚሪያም እጅ ፈጠነ። ሃያ ስድስቱንም ፈቱት። ቅቤውን ማሪቱ ራሷ አስለቀቀችው፤ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚረጋ፣ በሙቅና በብዙ ሳሙና እንደሚለቅ ከሥራዋ ታውቃለች። ሦስት ጊዜ አጠበችው።

“ሰባት ንጹሕ ቀን ቆጥረሻል?” አለቻት ሚሪያም በደረጃው አፍ ላይ።

“አንድ ዓመት ቆጥሬያለሁ።”

ሚሪያም እስኪያስላት ሳቀች።

ውሃው ለብ ያለ ነበር። ማሪቱ ወረደች። የቆመው ውሃ እሷ ስትገባ ተናወጠና በገላዋ ዙሪያ ሄደ። በመጀመሪያው ጠጉሯ ከላይ ተንሳፎ ቀረ፤ “አልሆነም፣ ዝቅ በይ” አለቻት ሚሪያም። ዝቅ አለች። ከውስጥ ጆሮዋ የራሷን ልብ ሰማ። ወገቧ አልከበዳትም፤ አራት ልጅ የያዘው ሆዷ፣ ያጠባው ጡቷ፣ ክብደት የሌለው ነገር ሆኖ አብሯት ነበር። አላፈረችበትም። ብቅ ስትል “ካሼር! ሆነ!” የሚል የሚሪያምን ድምፅ ሰማች። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ማንም ሳያዛት እናቷ ትለው የነበረውን በግዕዝ አለችው፣ የምታስታውሰውን ያህል።

ሐብቴ ከሥራ የሚወጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ቤት ገብታ ልትጠብቀው ትችል ነበር። ከተቀመጠች ግን እንቅልፍ እንደሚወስዳት ታውቃለችና የገዴራውን አውቶቡስ ተሳፈረች።

በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሐብቴ ከጥበቃ ቤቷ በመስኮት አያት። ጠጉሯ ተፈትቶ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ነጠላዋን ገፍቶ ወጥቷል። በእነሱ ወግ ሴት ጠጉሯን እንዲህ የምትፈታው ለሐዘን ነው። ወንበሩን ገፍቶ ወጣ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም።”

“ልጆቹ?”

“ደህና ናቸው። አትጩህ። ውሃ ወርጄ ነው የመጣሁ።”

ሃምሳ ስምንት ሊሞላው ስድስት ወር የቀረው ሐብቴ እንደ ልጅ አቀረቀረ። “እኔ እኮ... ጠላሽኝ ብዬ ነበር።”

“እኔም ትተኸው ነው ብዬ።”

“ሦስት ዓመት?”

“ሦስት ዓመት።”

“አይ እኛ!” አለ። “ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው።”

ጥበቃ ቤቷ ያላት አንድ ወንበር ነው። አስቀመጣትና አጠገቧ ቆመ። የት እንደሚነካት ጨንቆት እጁን አንዴ ወደ ትከሻዋ፣ አንዴ ወደ ነጠላዋ አደረገ፤ በመጨረሻ ብረቱ ያሻከረውን መዳፏን ያዘ። መዳፏ ገና ከውሃው ሙቀት ነበረው። ስብሰባው አለቀና መኪኖች ተሰለፉ። የበሩ መክፈቻ ከመስኮቱ ሥር ያለች ቁልፍ ናት፤ በግራ እጁ ተጫናት። አንዲት አስተማሪ መስታወቷን ዝቅ አድርጋ፣ “ላይላ ቶቭ፣ ሐብቴ” ብላ ደህና እደር ካለችው በኋላ ወደ ውስጥ አየችና ፈገግ አለች።

“ሰው እያየን ነው” አለችው ማሪቱ።

“ይየን” አለና፣ ለሚቀጥለው መኪና ቁልፉን ተጫነ።